ሽሮ የቆመችባቸው ሦስት ቦታዎች

ባለፈው ሰሞን ከሚዛን ወደ ቴፒ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሸኮ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ተንገጫግጮ ቆመ። ሹፌሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ቁልፉን አዞረ፤ እህህ ይላል እንጂ አይነሳም። ወረድን። እኛ አገር መኪና ሲቆም መካኒክ የማይሆን ተሳፋሪ የለም። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ናፍጣ አልደረሰውም፣ ድምፁን አትሰማም?» ይላል፤ ጎደሬ በጆንያ የጫኑ አንዲት ባልቴት ደግሞ «ደክሞት ነው ልጆቼ፣ ዳገቱን አላያችሁትም? ትንሽ ይረፍ» አሉ። ሳቅን። ሹፌሩ አንዲት ብሎን ሲያላላ ናፍጣው እርጥቡ ሣር ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ናፍጣና እርጥብ ሣር አብረው ሲሸቱ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ተማሪ አየችኝና «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ሽታው ነው» አልኳት። አልዋሸኋትም። የቀረውን ግን መንገድ ዳር የሚነገር አይደለም፤ ለእናንተ ልጻፈው።

ያን ዓመት የምንኖረው ከሚዛንና ከሸኮ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ አስማረ ልጅ ሆኖ ከወላጆቹ ጋር ከጎጃም መጥቶ፣ ቡና እርሻ ውስጥ ትራክተር ሲያጥብ፣ ሲጠግን፣ በኋላም ሲነዳ ያደገ ሰው ነው። ሰው ተስፋ የቆረጠባትን አንዲት ፒካፕ አግኝቶ በገዛ እጁ ነፍስ ዘራባት። ቀለሟ ቡኒ ይሁን ቢጫ ስለማይለይ ሰፈሩ «ሽሮ» ብሎ ሰየማት። በለቀማ ወራት እሸት ቡና ትጭናለች፤ ሌላ ጊዜ ማር፣ ኮረሪማ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ የመጣውን ሁሉ ታመላልሳለች።

አባዬ የታወቀው ግን በመንዳት አልነበረም፤ በሽታ በማወቅ ነው። መኪናው አልነሳ ያለው ሁሉ ሰው ይልክበታል። «ሐኪሙ» ነበር የሚሉት። ሄዶም ወዲያው እጁን አይሰድም። ኮፈኑ ላይ ክንዱን ጣል አድርጎ ሹፌሩን ይጠይቃል።

«ምን አጠጣኸው? ከየት የቀዳኸውን?»

«ሁልጊዜ የምቀዳውን።»

«ሲቆም እየተንተባተበ ነው ወይስ እንደ መብራት ድርግም ብሎ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ምንም አላደረግኩትም።»

ይኼኔ አባዬ ይስቃል። «እሱን ተወው፤ መኪና አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሹፌር ነው። እንዳይከፋህ ብዬ ነው እንጂ እሱኑ ብጠይቀው ይነግረኛል።»

ለእኔ ሲያስረዳኝ ደግሞ የመኪና ነገር ሁሉ የሰው ነገር ነው። ሰልባትዮ የሚባለው የናፍጣው ማስቀመጫ ሆዷ ነው። ቱቦው ደም ሥሯ። ፊልትሮው ቆሻሻውን የሚያስቀር ኩላሊቷ። ከዚያ ናፍጣው ልቧ፣ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። «አልነሳም ስትልሽ ከሆዷ ጀምረሽ እስከ ልቧ በመንገዱ ሂጂ። አንዱን ዘለሽ ወደ ሌላው አትሂጂ» ይለኝ ነበር። እኔ ምሳሌ መሆኑን አላውቅም። እውነት መስሎኝ ነበር። ቱቦ በአፉ ስቦ ናፍጣ ሲተፋ የታመመችበትን የሚቀምስ ይመስለኝና «መረራት?» እለዋለሁ። «በጣም» ይላል አፉን እየጠረገ።

እናቴ ወርቅነሽ የሸኮ ልጅ ናት። ቡና ስትለቅም መዝሙር ትዘምራለች፤ ከሩቅ የቱ ጋ እንዳለች የምናውቀው በመዝሙሯ ነው። ከእኔ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ልጅ አልያዘላትም። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ጸለዩላት፤ አባዬም በበኩሉ ለማርያም ተሳለ። ማን እንደሰማ አይታወቅም፣ በዚያ ዓመት አረገዘች። «የእኔ ጸሎት ነው»፣ «የለም የእኔ ስለት ነው» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ትዝ ይለኛል።

ወሯ ሲገባ አባዬ ሽሮን ከሥራ አሳረፋት። አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙሮ ደጃፋችን ላይ አቆማት፤ ሆዷን ጢም አድርጎ ሞላ። እሸት ቡና ለማስጫን የመጣውን ሁሉ «አይሆንም፣ ለወርቄ ነው የቆመችው» ብሎ ይመልሳል። ያኔ እኛ ሰፈር ስልክ የለ፣ ሌላ መኪና የለ። ሽሮ ብቻ ነበረች።

ዝናቡ ግን በዚያ ዓመት አልወጣ አለ። ጥቅምት ገብቶም ይዘንባል። አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ሊሞክራት ቢል ሽሮ እምቢ አለች። በመንገዱ ሄደ፤ ከሆዷ ጀምሮ። ፊልትሮው ጋ ሲደርስ ከሥሩ ያለችውን ብሎን አላልቶ በብርጭቆ ጠብ አደረገና አጥሩ ላይ አስቀመጠው። «ጠብቂ» አለኝ። ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆው ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ናፍጣው፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ።

«ይኸውልሽ ጠላታችን» አለኝ።

«በየት ገባ?»

«ዝናብ ነዋ። ዝናብ ቀዳዳ አያጣም።»

ውሃውን አፍስሶ፣ የናፍጣ ፓምፗን በእጁ እየገፋ አየሩን አውጥቶ አስነሳት። እኔ ግን «ቀዳዳ አያጣም» ያለው ከጆሮዬ አልወጣም። ጠላታችን በየት በኩል እንደሚገባ ካልታወቀ ምኑን ተጠበቅን?

በዚያው ሳምንት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ማር ይዘው መጡ። ሸኮ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። «አባባ» ነበር የምላቸው። ማሩን ያመጡት በቅል ነው፤ የቅሉ አፍ ዙሪያውን በሰም ተደፍኗል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰም ካለ ዝናብም ጉንዳንም አይገባም ልጄ» አሉኝ። የተረፈውንም ሰም እንድጫወትበት ሰጡኝ።

እሁድ ቀን ነበር። እማዬ ተኝታለች፤ አባዬ ጎረቤት ሄዷል። ሽሮን ዞርኳት። የሰልባትዮዋን ክዳን ፈትቼ ገልብጬ ሳይ መሃሉ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። አገኘኋት አልኩ። ሰሙን በመዳፌ አሽቼ አለሰለስኩና ከውስጥም ከውጭም ጠቅጥቄ ደፈንኳት። በቀሚሴ ጫፍ ወልውዬ ክዳኑን መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሕፃኑ ተወልዶ ሁሉም ሲደሰት «እኔም እኮ ሽሮን ጠብቄያታለሁ» ለማለት አስቤ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እማዬን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እትዬ አየለች መጥታ ሆዷን ዳበሰችና ፊቷ ተለወጠ። «አስማረ፣ ይኼ የእኔ እጅ አይደለም። ልጁ ተጋድሟል። ሚዛን አድርሳት» አለችው። አባዬ አልደነገጠም። ለዚህ ቀን ነበር ያዘጋጃት። ሽሮ በአንድ ቁልፍ ተነሳች፤ «አይዞሽ ወርቄ፣ ይቺ አታሳፍረኝም» አላት። እማዬና እትዬ አየለች ከፊት ገቡ። የእማዬ ወንድም አጎቴ ማርቆስና እኔ ከኋላ ላስቲክ ለብሰን ተቀመጥን።

ድልድዩን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ሽሮ መንተባተብ ጀመረች፤ ተንተባትባ ቆመች። አባዬ ወርዶ ከሆዷ ጀመረ። ክዳኑን ከፍቶ ረጅም እንጨት ነከረ፤ ናፍጣ ሞልቷል። መልሶ ከደነ። ፊልትሮውን ጠብ አድርጎ በመዳፉ አየ፤ ውሃ የለም። በእጁ ገፋ ገፋ አደረገና አስነሳት። «አየር ይዛ ነው» አለ። ደስ አለን።

ሁለተኛ የቆመችው ዳገት ላይ ነው። አሁን እማዬ ትጮሃለች። አባዬ ቱቦውን ነቀለ፤ ናፍጣው ሣሩ ላይ ፈሰሰ። «ሰናይት፣ ውረጂ» አለኝ። ክዳኑን ከፈተና ጆሮዬን ሰልባትዮው አፍ ላይ እንዳደርግ ነገረኝ፤ እሱ ከወዲያ በቱቦው ወደ ውስጥ ነፋ።

«ይንቦጫረቃል?»

«ይንቦጫረቃል አባዬ።»

«ደም ሥሯ አልተደፈነም ማለት ነው» አለ ለራሱ። ላቡ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። ሁሉንም መልሶ ገጠመ፣ ክዳኑን ከደነ፣ ተነሳች። አጎቴ ማርቆስ «ይኼ ሰውዬ ምኑን ነው የሚነካካው? ሲነካካ ትነሳለች፣ ስትሄድ ትቆማለች» እያለ አጉረመረመ። እውነቱን ነበር። ማናችንም ያላወቅነው፣ ሽሮን የሚያስነሳት አባዬ የሚነካካው ነገር አልነበረም። ናፍጣውን ለማየት ክዳኑን መክፈቱ ነው። ሲከፍተው አየር ታገኛለች፤ ሲከድነው እንደገና ትታፈናለች። ሰልባትዮ ናፍጣ በሰጠ ቁጥር ምትኩን አየር ይስባል፤ የሚስብባት ቀዳዳ ደግሞ ያቺ ነበረች።

ሦስተኛ ስትቆም የሚዛን ቆርቆሮዎች ከታች ይታያሉ። እማዬ መጮህ አቁማለች። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ፤ ወደ አጎቴ ዞሬ «ተሻላት» አልኩት። አባዬ ወደ ክዳኑ ሄደ። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ነበር፣ እማዬም ጸጥ ብላ ነበር፣ ስለዚህ ክዳኑን ሲያላላ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው፦ ስስስ አለ፤ ለረጅም ጊዜ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው እንደሚስበው አየር።

አባዬ ባለበት ቆመ። ክዳኑን ገልብጦ መዳፉ ላይ አስቀመጠውና አየው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈልቅቆ ሰሙን አወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አንዴ ብቻ ነው ያየኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገብቶኛል ማለት አልችልም፤ የገባኝ ፊቱ ነው። ሰሙን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ምንድን ነው?» አለ አጎቴ።

«ውሃ ነው» አለ አባቴ። «ናፍጣው ውሃ አለው።»

ከዚያ በኋላ ሽሮ አንዴም ሳትቆም ሆስፒታሉ በር ድረስ ገባች።

ወንድ ልጅ ነበር። ነርሷ ወጥታ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ…» አለችና የአባዬን ፊት ስታይ ሳትጨርስ ተወችው። እማዬ በቀዶ ሕክምና ተረፈች። ልጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን። ሸኮ፣ አባባ ግቢ፣ ቡናው ሥር አባዬና አጎቴ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ለቡና ችግኝ መሰለኝ፤ ልክ ያን ታህላለች። ችግኙን ላምጣ ብዬ ስነሳ አባባ እጄን ያዙኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተዛመተ። «የሰው መኪና ሐኪም፣ የገዛ ሚስቱን ውሃ በጠጣ መኪና ጫነ» ተባለ። ሰው የሚልክበት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ጨርሶ ቀረ። አባዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ንጹህ ካቻቢቴ ሲወለውል ይውላል። እማዬ አልጮኸችበትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልብስ እያጠፈች፣ «ስንት ቀን አቁመሃት ነበር አስማረ። ጠዋት ጠዋት አንዴ ጠብ አድርገህ ብታይ ምን ነበረበት?» አለችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

እሷም ያጠፈችውን ልብስ ያዘች፣ የእኔንም ያዘች፣ ወደ አባቷ ቤት ልንሄድ ወጣን። ከመሄዳችን በፊት አባዬ ጓሮ ወስዶኝ ተንበረከከና ሁለት ትከሻዬን ያዘ። «አንቺ ምንም አላደረግሽም» አለኝ። «ሰማሽኝ? ውሃ ነው።» ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ ካለ እውነት ይሆናል ብዬ ጥቂት ቀን አመንኩትም።

ሸኮ ስንኖር እማዬ ከሴቶቹ ጋር ቡና ትለቅማለች፤ አትዘምርም። የቱ ጋ እንዳለች ለማወቅ ተጣርቼ መፈለግ ነበረብኝ። እሁድ እሁድ አባዬ ይመጣል። ሽሮን ታች መንገዱ ላይ አቁሞ፣ ሳሙናና ስኳር ይዞ፣ ጭቃውን በእግሩ ወጥቶ አባባ ደጅ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። እማዬ ከቤት አትወጣም። አባባ «አማቼ፣ ግባና እሳት ሙቅ» ይሉታል፤ «ደህና ነኝ አባቴ» ይላል። ሁለቱ ስለ ንብ ሲያወሩ ይቆዩና ተነስቶ ይሄዳል።

በሦስተኛው እሁድ አጎቴ ማርቆስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግንዱ ላይ አገኘው። ከእሱ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ።

«እሺ ሐኪሙ፣ ዛሬስ ውሃ አልጠጣችም?» አለው።

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። አባዬም፣ እንደ ልጅ፣ ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ያን አንገት መድፋት ነው ያልቻልኩት። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር።

በማግስቱ እማዬን ተከትዬ ቡናው ውስጥ ገባሁ። ወገቧ ላይ ቅርጫት አስራ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ ትለቅማለች። ከጀርባዋ ቆሜ ተናገርኩት። ከብርጭቆው ጀመርኩ፣ እንዳስተማረኝ በመንገዱ ሄድኩ፣ አንድም አልዘለልኩም፦ ውሃው፣ ቅሉ፣ ሰሙ፣ ቀዳዳዋ፣ ያ ስስስ ያለው። እጇ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ።

«አባትሽ ያውቃል?» አለችኝ ሳትዞር።

«ሰሙን ኪሱ ውስጥ ከተተው።»

ቅርንጫፉን ለቀቀችው። እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። አላቀፈችኝም። አልመታችኝምም። ለቅሶዋን ስትጨርስ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች።

«ለእኔ መንገርሽን ለእሱ እንዳትነግሪው» አለች።

«ለምን?»

«ብቻውን ተሸክሞታል። ከእሱ ወስደን አንቺ ላይ የጣልነው እንዳይመስለው።»

ከዚያ ተነስታ ለቀማዋን ቀጠለች። ሳምንቱን ሙሉ ታበላኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ መሃል ላይ ይቆማል፤ ቆይቶ ይቀጥላል። ከእንግዲህ ሁልጊዜም እንደዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ግን እንደሚገባኝ አውቅ ነበር።

እሁድ አባዬ መጣና ግንዱ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ቤት ውስጥ ሆና ጭቃ የበላውን ጫማዋን ስትጠርግ አየኋት። ከዚያ ወጣች። አባዬ ሲያያት ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ኮፍያውን አወለቀ። አጎቴ ማርቆስም በሩ አጠገብ ቆሟል። እማዬ እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«በዚህ ዝናብ ውሃ የማይገባበት ናፍጣ የለም አስማረ። ማንም ላይ ይደርሳል።»

አባዬ አያት። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ መልሶ ወደ እሷ። ከንፈሩ ሊናገር ተንቀሳቀሰ፤ እሷ ግን ፋታ አልሰጠችውም።

«መኪናዋ የት ናት?»

«ታች ናት። መንገዱ ላይ።»

አባባ መረቁን። ልብሳችንን በፌስታል ይዘን ጭቃውን ወረድን፤ አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሽሮ ጋ ስንደርስ በልማዴ ከኋላ ልወጣ እግሬን አነሳሁ።

«ከፊት» አለች እማዬ።

ገብታ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋችልኝ። ከጎኗ ቦታ ነበር፤ እሷ ግን ወደዚያ አላስቀመጠችኝም። ጎትታ ጭኗ ላይ አወጣችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እግሬ ወለሉን ይነካል፣ ራሴ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለት ክንዷን ሆዴ ላይ አቆላልፋ ያዘችኝ። አባዬ ሊያስነሳ ቁልፉን ያዘ፤ አየን፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ትንሽ ቆየና አስነሳት።

መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። በነጠርን ቁጥር ክብደቴ እሷ ላይ ያርፋል፤ አንድ ሁለቴ በጥርሷ አየር ስትስብ ሰማሁ። ቁስሏ ገና ነበር። «ልውረድ እማዬ?» አልኳት።

ቤታችን እስክንደርስ አላወረደችኝም።